«አባባ፣ ሳይጣበቅ እንሞክረው»

ውጭ አገር ያለችው ልጄ ለዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ አንድ ካርቶን ላከችለት። ውስጡ ተገጣጥሞ የሚሠራ የባቡር ፉርጎ ነው፤ ስስ የእንጨት ቁርጥራጮች፣ ትናንሽ የብረት ጎማዎች፣ ጥቂት ሐዲድና በሥዕል የተሞላ መመሪያ። ባሕር ዳር ባቡር የለም። ልጁ የሚያውቀው ባጃጅና የጣናን ጀልባ ነው። ሐዲዱን እንዳየ «አባባ፣ ለምን ጠበበ?» አለኝ።

እዚህ ላይ እንኳ አላፈርኩም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡራችን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ እንደነበረው ነገርኩት። ጠባብ ሐዲድ በተራራ መካከል አጠር ባለ ኩርባ ይታጠፋል፤ ቁፋሮው ስለሚያንስ ወጪውም ይቀላል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ፉርጎው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ በመሆኑ አንድ ሜትርን ለ87 አካፈልን፤ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ መጣ። ሐዲዱን በማስመሪያ ስንለካው 12 ሆነ። ልጁ በደስታ ዘለለ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማዎቹን የያዙትን ሁለት እግሮች ከፉርጎው ሥር ለመግጠም ኮላ አነሣሁ። «አባባ፣ ሳይጣበቅ እንሞክረው» አለኝ። «ተው፣ ትሰብረዋለህ» አልኩት። ደግሞ ለመነኝ፤ ደግሞ ከለከልኩት። ማታ እሱ ሲተኛ ብቻዬን ጨረስኩት።

ጠዋት ሐዲዱ ላይ አስቀመጥነው። ቀጥ ባለው መንገድ ሄደ፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ተገለበጠ። ለካ ሐዲዱ ሲታጠፍ እግሮቹም አብረው መዞር ነበረባቸው። መመሪያው በብሎን እሰሩ ይላል፤ እኔ በኮላ አድርቄያቸዋለሁ።

ልጁ አላለቀሰም። «አባባ፣ ፉርጎህ ወደቀ» አለኝ እንጂ። ፉርጎህ! የተላከው ለእሱ ነበር።

በእኛ ዘመን ሽማግሌ ለልጅ ይቅርታ አይጠይቅም። እኔ ግን «ልክ ነበርክ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ኮላውን በምላጭ ቀስ ብዬ አስለቀቅሁ፤ ብሎኖቹን ያሰረው እሱ ነው። አንዱን እግር ጠበቅ፣ ሌላውን ወዲያ ወዲህ እንዲወዛወዝ ላላ አደረገው። አሁን ፉርጎው ኩርባውን ያልፋል። ቀለሙ ተዝረክርኳል፤ ግን «ፉርጎዬ» ይለዋል።

አያቶችና ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስትጀምሩ ምላጩን እናንተ ያዙ፤ ሌላውን ለልጁ ተዉለት። ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ገጥማችሁ ሞክሩ። ስስ እንጨት በአንድ ወገን ብቻ ቀለም ሲቀባ ስለሚጣመም ሁለቱንም ወገን ቀቡ። ከውጭ የሚልክላችሁ ከሌለም የጫማ ካርቶን፣ ሽቦና ቆርኪ ይበቃል።

እኛ የሽቦ መኪና ስንሠራ ከእጃችን የሚነጥቀን ሽማግሌ አልነበረም። ጎማው ሲጣመም ራሳችን አቃንተን ነው ያደግነው።