«አሰልጣኙ ይባረር!»

የቤዝቦል ደጋፊ ውድድሩ ሳይጋመስ መፍረድ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ ከ50 ጨዋታ 31ዱን ሲሸነፍ፣ ደጋፊው አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር አለ። ብራይስ ሃርፐር ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ መሄዱም ገና አልሻረም ነበር።

ንዴቱ ከንቱ አልነበረም። ተቀይረው የሚገቡት ኳስ ወርዋሪዎች በእጅ የገባ ጨዋታ ያስነጥቁ ነበር። ስህተቱ ጣት የተቀሰረበት ሰው ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ የወርዋሪዎቹን አሰልጣኝ አሰናበተ፤ ቆይቶም ትሬቨር ሮዘንታልን ለቀቀ። ማርቲኔዝን ግን አልነካም። ደግሞስ ከ162 ጨዋታ 50ው ሲሶ እንኳ አይሞላም!

ቡድኑ 93 አሸንፎ ጨረሰ። ኦክቶበር 30 ሂውስተንን በ7ኛው ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ለድል ሰልፉ ከወጣው ሕዝብ ስንቱ «ይባረር» ባይ እንደነበር የጠየቀ የለም።