የወተት ዋጋ ሲነሳ የማይነሳው ጉዳይ፦ የላሟ ግት

ወተት ተወደደ ሲባል ሁላችንም የምንደረድራቸው ምክንያቶች አሉ። ፉርሽካና ፋጉሎ አይቀመስም፣ ነዳጅ ጨመረ፣ ደላላው በዛ። ሁሉም እውነት ነው። ከዝርዝሩ ሁሌም የሚቀር አንድ ነገር ግን አለ፤ የላሟ ግት ጤና። ዛሬ እሱን እናንሳው፤ ነገሩ የአርቢው ብቻ ሳይሆን ጠዋት ማኪያቶ የሚያዝዘው የሁላችንም ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ማስታይተስ ይሉታል። ባክቴሪያ በጡቷ ጫፍ ቀዳዳ ገብቶ ወተት የሚሠራውን የግቱን ክፍል ሲያስቆጣው የሚመጣ ብግነት ነው። ሁለት መልክ አለው። አንዱ በዓይን የሚታየው ነው፦ ግቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ላሟ ሲነኳት ትራገጣለች፣ ወተቱ ይጓጉላል ወይም ደም ይቀላቀልበታል። ይሄን ማንም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ስውሩ ነው። ግቱ ደህና ይመስላል፣ ወተቱም ነጭ ነው፣ ላሟም ትበላለች። ውስጥ ግን ባክቴሪያው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ወተቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

በአገራችን የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንተና ስውሩን ዓይነት ከተመረመሩት ላሞች ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሚሆኑት ላይ አግኝቶታል። የሚታየው ግን ከ10 በመቶ በታች ነው። ማለትም ባለቤቱ "ታማለች" ብሎ ከሚያክማቸው ላሞች ይልቅ ሳያውቅ የሚያልባቸው ሕመምተኞች ይበዛሉ።

ለምን አሁን?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲጀመር ወተት ከዋነኞቹ ዘርፎች አንዱ ነበር። መንገዱም በአብዛኛው ማዳቀል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሀበሻ ላም በቀን 2 ሊትር እንኳ ላትሞላ ትችላለች፤ የፈረንጅ ደም ያላት ግን በደንብ ከተያዘች ከ10 ሊትር በላይ ትሰጣለች።

ግን ብዙ ወተት የምትሰጠው ላም ለዚህ በሽታም የበለጠ ተጋላጭ ናት። ላሟን አሻሽለን በረቱንና አስተላለቡን እንዳለ ከተውነው በአንድ እጅ የሰጠነውን በሌላው እየወሰድን ነው። ቀላል ሒሳብ እንሥራ፦ 15 ሊትር የምትታለብ ላም በስውሩ በሽታ ምክንያት 10 በመቶ ብትቀንስ 1.5 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ይሄ አንዲት የሀበሻ ላም ቀኑን ሙሉ የምትሰጠውን ያህል ነው። ማንም ሳያየው!

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ መድኃኒቱ።

የታመመች ላም አንቲባዮቲክ ትወጋለች፣ ወይም መድኃኒቱ በጡቷ ቀዳዳ ይገባላታል። ከዚያ በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለተወሰኑ ቀናት ወተቷ ለሰው መሸጥ የለበትም፤ መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ አለና። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ አብዛኛውን የመድኃኒት ቅሪት ግን አያጠፋውም። እርጎ የሚያረጋው ባክቴሪያ ራሱ በመድኃኒቱ ስለሚሞት እንዲህ ያለ ወተት አልረጋም ሊል ይችላል። እርግጥ ብርድም እርጎን ያዘገያል፤ አልረጋም ማለት ሁሌ መድኃኒት አለበት ማለት አይደለም።

ትልቁ አደጋ ደግሞ መላመዱ ነው። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በግምት፣ ግማሽ መጠን እየተሰጠ ሲሄድ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ለላም የሚሰጡት ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ለሰው ከሚታዘዙት ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። በረት ውስጥ የለመደ ባክቴሪያ በረት ውስጥ አይቀርም።

ታዲያ አርቢው ለምን ይሸጠዋል?

"ስግብግብ ነው" ማለት ይቀላል። እስቲ በእሱ ቦታ እንቁም። ሁለት ላም ያለው ሰው ነው። 15 ሊትር የምትሰጠውን አንዷን ለ4 ቀን ወተቷን ይድፋ ብንል 60 ሊትር መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። መኖው ግን አይቆምም፤ የመድኃኒቱም ዋጋ ተከፍሏል። ይሄን ሁሉ ችሎ የደፋው ሰው ምን ያገኛል? ምንም። ከጎረቤቱ ካልደፋው ጋር ወተቱ በዚያው ዋጋ ይሸጣል። እኛ እንደምናየው ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ገበያው የሚከፍለው ለሊትር እንጂ ለንጽሕና አይደለም።

ብዙ መሰብሰቢያዎች ወተት ሲረከቡ ውሃ መቀላቀሉን በመለኪያ ያያሉ፣ መምጠጡን ደግሞ በአልኮል ይፈትሻሉ። እነዚህ ሁለቱም የመድኃኒት ቅሪት አያሳዩም። የአውሮፓ ኅብረት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ጥሬ የላም ወተት ውስጥ ከ400,000 በላይ የሰውነት ሕዋስ እንዳይኖር ገደብ አስቀምጧል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ግቱ መታመሙን ይናገራልና።

ምን ይሻላል?

👉 መከላከሉ ርካሽ ነው። ከማለብ በፊት እጅንና ግትን መታጠብ፣ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ማድረቂያ ጨርቅ፣ የታመመችውን መጨረሻ ማለብ፣ ከታለበች በኋላ የጡቷን ጫፍ አዮዲን ውስጥ መንከር። ከታለበች በኋላ ቀዳዳው ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ክፍት ስለሚሆን እበት ላይ እንዳትተኛ መኖ አቅርቦ ማቆም።

👉 ስውሩንም ማየት ይቻላል። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሊፎርኒያ ምርመራ ሳሙና መሰል ፈሳሽና ባለ አራት ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የታመመው ጡት ወተት ወዲያው ይዝለገለጋል። በየወረዳው ላሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ይሄ ሊከብድ አይገባም።

👉 ዋናው ግን ክፍያው ነው። ማኅበራትና ማቀነባበሪያዎች ለንጹሕ ወተት ጭማሪ ቢከፍሉ፣ ላሙን አክሞ ወተቱን ለደፋ አባል ከጋራ ፈንድ ቢደጉሙ፣ ሐቀኝነት ኪሳራ መሆኑ ይቀራል። የመድኃኒቱን ሽያጭ መቆጣጠር ደግሞ የግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። ያለ ክፍያው ቁጥጥር ብቻውን ሰው መደበቅን ያስተምራል።

እኛስ ሸማቾቹ? ወተት ሳይፈላ አንጠጣ፤ ይሄ የታወቀ ነው። የሰፈራችን ወተት ሻጭ "ላሟ መድኃኒት ላይ ናት፣ ለሦስት ቀን የላችሁም" ካሉን ግን ደንበኝነታችንን አንቀይር። ሊሸጡልን እየቻሉ ያልሸጡልን እሳቸው ናቸው።

እናንተ አካባቢ ወተት በምን ተለክቶ ነው የሚከፈለው? ላም ያላችሁ፣ ወተት የምትሰበስቡ፣ የእንስሳት ሐኪም የሆናችሁ ጻፉልን።