ጥቁር መጋረጃ፣ ለምለም ቄጠማ፣ ነጭ ሸማ

ዐቢይ ጾም ወደ መፈጸሚያው ሲቃረብ በየቤቱ ሣጥን ይከፈታል፤ ነጠላው ይታጠባል፤ ዐቅም ያለውም ፈትሉን ወደ ሸማኔ ይልካል። የየዓመቱ ልማድ በመሆኑ ምክንያቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ልጆች በጠየቁ ጊዜ ግን ወላጆች የሚመልሱት ይኖራቸው ዘንድ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን በዓላትና ስለ ቀለም በዛሬው ዓምዳችን ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በሮም ቤተ ክርስቲያን የቀለም ነገር በመጽሐፍ የተደነገገ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1198 ዓ.ም. ኢኖሰንት ሦስተኛ ተብለው ጳጳስ የሆኑት ሰው፣ ከሹመታቸው አስቀድሞ ስለ ቅዳሴ በጻፉት መጽሐፍ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ የየራሳቸው ጊዜ እንዳላቸው አስረድተዋል። በ1570 የታተመውም የቅዳሴ መጽሐፍ ሥርዓቱን አጽንቶታል። ከልደት በፊት ባሉት አራት ሳምንታትና በዐቢይ ጾም ሐምራዊ፣ በልደትና በትንሣኤ ነጭ፣ በጰራቅሊጦስና በሰማዕታት ቀን ቀይ፣ በቀረው ዘመን አረንጓዴ ይለበሳል። በስቅለት ዓርብ ይለበስ የነበረው ጥቁር በ1970 በወጣው መጽሐፍ በቀይ ተተክቷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚታየው በካህኑ ልብስና በመሠዊያው ጨርቅ ላይ ነው እንጂ፣ ምእመኑ እንደ ወትሮው የሰንበት ልብሱን ለብሶ ይቀመጣል።

በእኛ አገር ግን ቀለሙን የሚለብሰው ሕዝቡ ራሱ ነው። የጥምቀት ዕለት የካህናቱ ካባና ጥላው በብዙ ኅብር ቢያሸበርቅም፣ እንደ ሮም ለየወቅቱ በዝርዝር የተከፋፈለ አይደለም። ልዩነቱ ጐልቶ የሚታየው በሰሙነ ሕማማት ነው። ያን ጊዜ የመቅደሱ መጋረጃ ጥቁር ይሆናል፤ መስቀል መሳለም ይቀራል። ምእመናንም ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይቆማሉ። በስቅለት ዕለት ከስግደቱ ብዛት የተነሣ ነጩ ሸማ ማምሻውን የአፈር መልክ ይይዛል፤ ይህንንም ከበዓሉ ቀለሞች ጋራ ብንቈጥረው ድፍረት አይሆንብንም።

በማግሥቱ ለምለሙ ይመጣል። ቀዳም ሥዑር የተባለው፣ በሌላ ጊዜ የማይጾመው ቅዳሜ በዚያን ዕለት ስለሚጾም፣ የቅዳሜነቱ ክብር ተሽሯል ለማለት ነው፤ ለምለም ቅዳሜም ይሉታል። ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ በየቤቱ ቄጠማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም ከራሱ ላይ ያስረዋል። ርግብ የጥፋት ውኃ መጕደሉን ለኖኅ በወይራ ቅጠል እንዳበሠረችው ሁሉ፣ ቄጠማውም በክርስቶስ ሰላም መሆኑን ያበሥራል። ልጆች ቄጠማውን ለጨዋታ ያህል ቢያስሩት አንነቅፋቸውም፤ የኖኅን ታሪክ ለመንገር ግን ከዚህ የተመቸ ሰዓት አይገኝም።

ከዚያም በትንሣኤ ሌሊት ነጩ ይወጣል። ነጭ መሆኑ መቃብሩን የከፈተው መልአክ ልብሱ እንደ በረዶ ነጭ እንደ ነበረ ወንጌል ስለሚናገር ነው። የሸማው ንጣት ደግሞ ቀለም ተነክሮ የመጣ አይደለም፤ የጥጡ የራሱ መልክ ነው፤ ጌጡ ጥለቱ ላይ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። ቀለሙን የሚሸከመው ሕዝቡ በመሆኑ፣ ልብስ የሌለው ሰው ከበዓሉ ራሱን ያገለለ እየመሰለው ከቤት ይቀራል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለሚያጌጥ ሰው ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ለልጆቿ የሚለበስ ላጣች እናት ግን ከባድ ነው። የጥለቱ ስፋትና የሸማው ዋጋ በየዓመቱ የጎረቤት መፎካከሪያ መሆኑንም አንወደውም። ቤተ ክርስቲያን ነጭን ስትወድ አዲስ ግዙ ማለቷ አይደለም። በእንዶድ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ የአምና ነጠላ፣ በጧፍ ብርሃን ሲታይ ከአዲሱ የሚለየው የለም። ሁለት ያላት እመቤትም አንዱን ለጎረቤቷ ብታውስ፣ ከቅዳሴ መልስ ታጥቦ ይመለስላታል።