ይቺ ልጅ ሥራ የምትሄደው መቼ ነው?

እናቴ ከኤርፖርት የጽዳት ሥራዋ የምትመለሰው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ነው። ጫማዋን በር ላይ ታወልቅና እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ያመለጣትን የአማርኛ ድራማ ከዩቲዩብ ትከፍታለች። ባለፈው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ከአንድ ቪላ ሳሎን ወጥታ ሌላ ቪላ ሳሎን ገባች፤ ልብስ ቀይራ ተመለሰች፤ ስልክ አነሳች፤ አለቀሰች፤ እንደገና ልብስ ቀየረች። እናቴ ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ጠየቀችኝ፦ «ይቺ ልጅ ሥራ የምትሄደው መቼ ነው?»

መልስ አጣሁላት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ያየሁትን ፊልምና ድራማ ሁሉ በዚህችው ጥያቄ መመርመር ያዝኩ። የፊልም ትምህርት የለኝም፤ ከሥራ መልስ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ነገር ግን ከእንቅልፉ ላይ አንድ ሰዓት ቆርሶ የሚሰጥ ሰው የመጠየቅ መብት የለውም?

የምንኖረው ደግሞ ፊልም በሚሠራበት ከተማ፣ በአትላንታ ነው። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ በግዛቷ ውስጥ ለሚቀረጽ ሥራ ከወጪው 20 በመቶ የግብር ቅናሽ ትሰጣለች፤ የግዛቲቱን የፒች አርማ ለሚያሳይ ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ትጨምራለች። ካሜራው ተከትሎ መጣ። ‹ዘ ዎኪንግ ዴድ› እዚህ ተቀረጸ፤ ‹ስትሬንጀር ቲንግስ› እዚህ ተቀረጸ። መንገድ ዳር ቢጫ ሰሌዳ ላይ ለሌላው የማይገባ አንድ ቃልና ቀስት ካያችሁ የቀረጻ ሠራተኞችን መንገድ የሚመራ ምልክት ነው። የእኛ ሰው በዚያ ሰሌዳ ሥር በየቀኑ ያልፋል፤ ታክሲ እየነዳ፣ ወደ ፓርኪንግ ፈረቃው እየሮጠ፣ የሰው ልጅ ሊጠብቅ እየሄደ። ካሜራው በደጃችን ሲያልፍ እኛ በየትኛው ፊልም ውስጥ ነን?

ዶናልድ ግሎቨር የፈጠረውና እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2022 የታየው ተከታታይ ድራማ የከተማዋን ስም እንዳለ ይዞ ‹አትላንታ› ይባላል። ዋናው ሰው ኧርን ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠ፣ ቤት የሌለው ወጣት ነው። ራፐር የሆነ ዘመዱን እየተከተለ ኑሮውን ለማቃናት ይሞክራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ያገኘውን ገንዘብ ለልጁ እናት ይሰጥና ሌሊት ብቻውን ይሄዳል። የሚደርሰውም ሰዎች ትርፍ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት የኪራይ ስቶሬጅ ነው። የሚያድረው እዚያ ነው። እናቴ እንግሊዝኛውን ሁሉ አልተከተለችውም። እዚህ ትዕይንት ላይ ስንደርስ ግን «ውይ ልጄን! ብርዱን እንዴት ይችለዋል?» አለች። ለማታውቀው ልጅ «ልጄ» ያስባላት ምንድን ነው? በገዛ ቋንቋዋ የሚያለቅሱት የቪላ ሰዎችስ ይህን ቃል ከአፏ ለማውጣት ለምን አቃታቸው?

«ገንዘብ የለንም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። ለቀረጻ ጠባብ ስቶሬጅ ይረክሳል ወይስ ቪላ? የተከራየ መኪና ያስወድዳል ወይስ አውቶቡስ ፌርማታ? ድሃውን ቤት ትቶ የሀብታሙን ሳሎን የመረጠ ሰው ችግሩ የገንዘብ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

«የአገራችን ፊልም ሥራና ሠራተኛ ማሳየት አያውቅም» የሚልም ካለ ፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን ረስቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት› ውስጥ ካሜራው ገበሬው ላይ ተተክሎ ይቆያል። ላቡንም፣ ድካሙንም፣ የባለመሬቱን ጩኸትም ታያላችሁ። በ2008 የዚሁ ሰው ‹ጤዛ› መጣ። ዋናው ሰው አንበርብር ከጀርመን ወደ ጎንደር አገር ሲመለስ ስጦታ የታጨቀ ሻንጣ ይዞ አይደለም፤ አንድ እግሩን አጥቶ ነው። ፊልሙ በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን የወርቅ ፈረስ አገኘ። ታዲያ ከውጭ የሚመለስ ሰው በአብዛኞቹ ፊልሞቻችን ዛሬም መነጽር አድርጎ ዶላር የሚበትን ሆኖ የሚቀረው ለምንድን ነው? ያ ሰው ዶላሩን ስንት ፈረቃ ሠርቶ እንዳገኘው የሚያሳይ አንድ ትዕይንት፣ የሦስት ደቂቃ እንኳ፣ ለምን ይነፈገዋል? ያን ሦስት ደቂቃ ያየ የአገር ቤት ወንድም ገንዘብ ላክልኝ ሲል ድምፁ ትንሽ አይለወጥም ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ ሥራችን ይሞታል፣ ባህላችን ይበረዛል አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም፤ እንጀራቸው ነው። ግን ተመልካቹ ለምን ወደዚያ እንደሄደ አብረው ጠየቁ? ከእነዚያ ድራማዎች አንዱ በሆነው በ‹ኩዚ ጉኒ› የወንድማማቾቹ አባት ዳቦ ጋጋሪ ነው። ምድጃው ይታያል፤ የቤቱ ጠብና ፍቅር ከዳቦ ቤቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። በእኛ ድራማ ስንት ጊዜ ነው ሙዚቃው ንግግሩን ውጦት «ምን አለ?» እየተባባልን ወደ ኋላ የመለስነው? ለእናቴ ኢስታንቡል ከቦሌ የቀረበባት ኢስታንቡል ውስጥ ሰው ጠዋት ተነስቶ ሥራ ስለሚሄድ ቢሆንስ?

ያም ሆኖ መንገዱ እንዳልጠፋን አውቃለሁ። በአርትስ ቲቪ የታየው ‹እረኛዬ› ገጠሩንና መሬቱን መሃል ላይ ሲያስቀምጥ ሰው ስልኩን ይዞ ክፍል በክፍል ተከተለው። በኢቲቪ ‹ሰው ለሰው› በሚተላለፍበት ዘመን አበበ ባልቻ አስናቀ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲመጣ ቤተሰብ አንድ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ተመልካቹ ጥሩ ነገር ሲሰጡት መቼ እምቢ አለ?

ሌላው ጥያቄዬ ታሪካችንን የሚናገረው ማን ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ‹ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት› የተባለ ፊልም ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል የወጡበትን ታሪክ ይዞ ተነሳ። ቀረጻው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ፊት ለፊት የቆመው አዳኙን ሆኖ የተጫወተው ክሪስ ኤቫንስ ነው፤ ዋናውን ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተጫወተውም አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊልያምስ ነው። ከጎንደር ተነስተው በእግራቸው በረሃ ያቋረጡት፣ በመንገድ ልጅ የቀበሩት እናቶችና አባቶች ግን የጀርባ ሥዕል ሆኑ። አዳኙ ስም ካለው የዳነው ስም የማይኖረው ለምንድን ነው?

ይህን ለውጭ ሰው ብቻ አልጥለውም። ‹ድፍረት› ስለ ጠለፋ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ የራሳችን ሰው ሥራ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኩ የደረሰባት ሴት «አልተጠየቅሁም» ብላ ነበርና። ፊልሙ ያነሳው ጉዳይ ትልቅ ነው፤ ብዙ ሰው አስተምሯል። ግን ያለፈቃዷ ስለተወሰደች ልጅ የሚናገር ሥራ ከሁሉ በፊት ፈቃዷን መጠየቅ አልነበረበትም?

አሁን ጥያቄው ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ይምጣ። ‹ብላክ ፓንተር› እ.ኤ.አ. በ2017 እዚሁ አትላንታ ሲቀረጽ መሸፈኛ ስሙ ‹እናት አገር› ነበር። በዓመቱ ሲወጣ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰን ተሰለፍን፤ በቅኝ ያልተገዛች፣ ዋካንዳ የምትባል አፍሪካዊት አገር ስናይ ደረታችን ተነፋ። ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገውን ሽማግሌ አይተን «የእኛ የሙርሲና የሱርማ ነው» ብለን አጠገባችን ለተቀመጠው ነገርን። ኩራቱ ያምርብን ነበር። ግን ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ‹ዐድዋ› የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ሳለ፣ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ስንቶቻችን አይተነዋል? ያልነበረችውን ዋካንዳን ለማየት ከፍለን የነበረውን ዐድዋን በነጻ እንኳ ካላየን፣ ሠሪዎቻችንን በምን አፋችን እንወቅሳለን?

ተመልካች ሠሪውን እንዴት እንደሚያቆም እዚሁ ከተማችን ታይቷል። ፊልም ሠሪው ታይለር ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1992 የመጀመሪያ ቲያትሩን አትላንታ ላይ ሲያሳይ አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለዓመታት ታገለ። በኋላ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ቲኬት እየቆረጡ አዳራሽ ሞሉለት። በ2019 በቀድሞው የፎርት ማክፐርሰን የጦር ሠፈር፣ በ330 ኤከር መሬት ላይ ስቱዲዮ ከፈተ፤ 12ቱን የቀረጻ አዳራሾች በታላላቅ ጥቁር አርቲስቶች ስም ሰየማቸው። ሥራውን የሚነቅፉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ሁሉንም አልወድለትም። ተመልካቾቹ ግን የከፈሉት ከኪሳቸው ነው። እኛስ? ከሐበሻ ግሮሰሪ የተከራየነውን አንድ ዲቪዲ ለአምስት ቤት አዙረን የመለስን አይደለንም? አዳራሽ ተከራይቶ እሑድ ከሰዓት ፊልም ላሳየ ልጅ «ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ አየዋለሁ» ያልን አይደለንም? አንድ ሠርግ ላይ ከምንበትነው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን ለአንድ ጥሩ ደራሲ ብንሰጠው ምን ይጽፍልን ነበር?

ደራሲው የሚጽፈውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ባለፈው ሐሙስ እናቴ ድራማው ሳያልቅ ተኝታ ነበር፤ ስልኳ ደረቷ ላይ እንዳለ ሰዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ ማውራታቸውን ቀጥለዋል። አጠፋሁት። ውሃውን ደፍቼ ሳፋውን ሳስቀምጥ የደንብ ልብሷ በሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁ፤ መታወቂያዋ ኪሱ ላይ ተሰክቷል፤ ፎቶው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የተነሳችው ነው። በዚያ ፎቶና በተኛችው ሴት መካከል ያለውን አሥራ አራት ዓመት የሚጽፈው ማን ነው?