እንጀራው ከምን እንደተጋገረ ይነገረን

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በገባሁ ቁጥር «እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አዎ እትዬ» ይሉኛል። እጄ ግን አይታለልም፤ ስንዴ የበዛበት እንጀራ ሲቆርሱት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

መቀላቀሉን አልነቅፍም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ቢመረትም ዋጋው ከስንዴ ዱቄት ጋር አይገናኝም። እኔም ቤቴ የገብስ ዱቄት ጣል አደርጋለሁ። በሰው አገር ወጥ ቤት ሁሉም ነገር ድርድር ነው። የዚህ አገር ትልልቅ ሽንኩርት ውኃ ይበዛዋል፤ ለዶሮ ወጥ እስኪቁላላ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ኮረሪማ ሲጠፋ ሄል የሚጨምሩም አሉ። (እኔስ ባዶውን ብተወው እመርጣለሁ።)

ቤቴ ስጋግር ግን ምን እንደጨመርኩ አውቃለሁ። ምግብ ቤት የሚበላው ሰው አያውቅም፤ ጉዳዩም የጣዕም ብቻ አይደለም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴና ገብስ አላቸው። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ትንሹ አንጀቱ ይጎዳል። «እንጀራ የጤፍ ነው» ሲባል ሰምቶ፣ አምኖ የሚጎርስ ፈረንጅም ሐበሻም አለ። እሱን «አዎ» ብሎ ማብላት ቀላል ውሸት አይደለም።

ባለ ምግብ ቤቶች ሆይ፣ ቅልቅሉን ሽጡልን፤ እንገዛለን። በሜኑው ላይ ግን «ጤፍና ገብስ» ወይም «ጤፍና ስንዴ» ብላችሁ ጻፉ። ንጹሕ ጤፍ ለሚፈልገው ደግሞ ለብቻው ጋግራችሁ፣ ዋጋውን ጨምራችሁ አቅርቡ።