ባቄላው ሁሉ ለገበያ አይውጣ

በዳባትና በደባርቅ ደጋ የባቄላ ምርት ሲሰበሰብ እኛ የእርሻ ባለሙያዎች አስቀድመን የምንጠይቀው «በሄክታር ስንት ኩንታል ወጣ?» ብለን ነው። ቀጥሎ «ገበያው እንዴት ነው?» እንላለን። በእኛ አስተያየት አንድ ጥያቄ ጎድሏል፤ ይኸውም «ለቤት ስንት ቀረ?» የሚለው ነው።

ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጎመን ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ቢ9 ይገኝባቸዋል። ይህ ቫይታሚን ለደም መሠራት አስፈላጊ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለፅንስ ያስፈልጋል። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙዎቹ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ሞቶ ወይም አካሉ ተጎድቶ ይወለዳል። አገራችን ይህ ጉዳት በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ዳግም ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ የጉዳቱ መደገም በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የፋብሪካ ስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2022 በአገራችን ግዴታ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም የደጋው ገበሬ ገብሱንና ስንዴውን የሚያስፈጨው በቀበሌው ወፍጮ ስለሆነ፣ የተጨመረው ቫይታሚን ወደ ማዕዱ አይደርስም።

ገበሬው ለማዳበሪያና ለልጆቹ ልብስ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አንዘነጋም፤ አትሽጥ ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን ለአዋቂ ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሌት ያስፈልጋታል፤ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 180 ያህሉን ይሰጣል። ጥራጥሬውን ሸጦ በገብስ እንጀራ ብቻ የሚኖር ቤት ይህን ከየት ያገኛል?

ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርት ከመረከባቸው በፊት አባሉ የቤቱን ቀለብ ማስቀረቱን ይጠይቁ። የልማት ሠራተኞችም በየጓሮው ጎመን እንዲተከል ያበረታቱ። ንፍሮ የተቀቀለበት ውኃ ሲደፋ ቫይታሚኑም አብሮ እንደሚደፋ፣ ወጥ ግን መረቁ ስለሚበላ የተሻለ እንደሆነ ለባልትና ያስረዱ።

ምግብ ብቻውን ይበቃል አንልም። አዲስ ሙሽሮችና ልጅ የሚያስቡ እናቶች እርግዝናው እስኪታወቅ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ ፎሊክ አሲድ ክኒን እንዲጠይቁ፣ የልማት ሠራተኛው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተባብሮ ይምከር። ኩንታል የምንቆጥረው ሰው በጤና እንዲኖርበት ነውና፣ የቤቱም ድርሻ በመዝገባችን ይግባ።