ሳሎኑ ይብቃን፣ ዶርሙን አሳዩን

የእኛ ሲትኮም ከሳሎን መውጣት አቅቶታል። ሶፋ አለ፣ የቤት ሠራተኛ አለች፣ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት አለ፣ ከዚያ ሳቅ ነው። «ቤቶች» በዚህ መንገድ ለዓመታት አዝናንቶናል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። «ምን ልታዘዝ» ደግሞ አንድ ካፌ ከፍቶ አገር የሚያህል ጉዳይ ጠረጴዛዎች መሃል ሊቀመጥ እንደሚችል አሳየን። ቀጣዩ እርምጃ ግልጽ ነበር፤ ግቢ። ታዲያ እንደ «ቤቶች» ለዓመታት የዘለቀ፣ ገጸ ባሕርያቱን ሁላችንም በስማቸው የምንጠራቸው የዩኒቨርሲቲ ሲትኮም እስቲ አንድ ጥሩልኝ። እኔ አንድም አይመጣልኝም።

ለምን ሲባል ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ገንዘብና ፍርሃት።

የገንዘቡ ቀላል ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ነገሩን እንደ ሲስተም ነው የማየው። ሲትኮም የሚፈልገው ጥቂት ቦታ፣ ከዚያ ቦታ ማምለጥ የማይችሉ ሰዎችና በየሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ችግር ነው። ዶርም ሦስቱንም ይሰጣል። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ሶኬት፣ ለዚያች ሶኬት የተሰለፉ ስድስት ስልኮች። ሌሊቱን ሙሉ የሚቸክል አለ፣ «መብራቱን አጥፉልኝ» እያለ የሚጮህ አለ። ሚል ካርዱን የጣለው ካፌ በር ላይ ይለማመጣል፤ ኖን ካፌ የሆነው ወሩ ሳይጋመስ ብሩ ያልቅበታል። ሴሚስተሩ ራሱ ሉፕ ነው፤ ምዝገባ፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ግሬድ፣ እንደገና ምዝገባ። ደግሞ ረጅም ተከታታይ የሚፈርሰው ተዋናይ ሲለቅ አይደል? ግቢ ውስጥ መልቀቅ የታሪኩ አካል ነው። ጂሲው ይመረቃል፣ ፍሬሹ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል። ሃያ ዓመት ሳይቆም የሚሠራ ነገር ዲዛይን አድርግ ብትሉኝ ከዚህ የተሻለ አላመጣም።

ዋናው ፍርሃቱ ነው። «የግቢ ወሬ ከብሔር አያልፍም፣ ባይነካ ይሻላል» ይሉናል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታግተዋል። ይሄ የሚቀለድበት አይደለም፤ ኮሜዲም ግጭት አያስቆምም። ግን ዝምታው ምን ሠራ? ግቢ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ወይ ሲያስመርቅ ወይ ሲረበሽ ሆነ። ምደባ ሲወጣ አንዲት እናት ልጇ ስለተመደበበት ከተማ ያላት ምስል የዚያ ከተማ የከፋ ቀን ብቻ ነው። ማንም ያልተጎዳበት፣ «ሽሮው ቀጠነ» ተብሎ የተጮኸበት ተራ ማክሰኞ የት ገባ? ተራ ቀኑ ያልታየ ቦታ ሰው የሚኖርበት አይመስልም።

እኔ የአሶሳ ልጅ ነኝ፤ ይሄን አውቀዋለሁ። ካሜራ ወደ ክልላችን የሚመጣበት ምክንያት በጣት ይቆጠራል። ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብ መሠረት በመጋቢት 2003 ሲጣል መጣ፤ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅም መጣ። መተከል ላይ ደም ሲፈስም ስማችን ተነሳ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ከደጋ የመጣ ፍሬሽ እናቱ የጠቀለለችለትን ወፍራም ብርድ ልብስ በዚያ ሙቀት ሲዘረጋ፣ ጓደኞቹ በሳቅ ሲፈርሱ፣ አጎበር አሰቃቀል የሚያሳየው የከተማው ልጅ ሲሆን ማን ቀረጸ? የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ግን በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ ከጎጃም፣ ከወለጋና ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ የየራሱን አማርኛ ይዞ ነው አንድ ክፍል የሚገባው።

እዚህ ላይ ነው ፈሪዎቹ ነገሩን የገለበጡት። ሳሎን ባለቤት አለው። ከክፍለ ሀገር የመጣው ሰው ወደዚያ ሳሎን ሲገባ ብዙ ጊዜ ሠራተኛ ወይ ዘበኛ ሆኖ ነው፤ የሚሳቀውም በአነጋገሩ ነው። ይሄን ለዓመታት ስናይ «ብሔር ነካ» ያለ ብዙ ሰው አልሰማሁም። ዶርም ግን ባለቤት የለውም። ሁሉም ተመድቦ ነው የመጣው፤ ሁሉም እንግዳ ነው። ዛሬ በብርድ ልብሱ የተሳቀበት ነገ በአዲስ አበባው ልጅ የወባ ፍርሃት ይስቃል። ሳቁ ተራ ይዞ ይዞራል። አብሮ መሳቅ ማለት ይሄ አይደል እንዴ?

«ጊዜው አይፈቅድም» ለሚል ደግሞ ፊሊፒንስ አለችለት። «ኢስኩል ቡኮል» የተባለው ሲትኮም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ ዘልቋል። ቲቶ ሶቶ፣ ቪክ ሶቶና ጆይ ደ ሊዮን «ዋንቦል» በሚባል የፈጠራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነው አስተማሪያቸውን ሚስ ታፒያን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጧታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲጀመር ግን ማርኮስ በ1972 ያወጀው ወታደራዊ ሕግ ገና አልተነሳም ነበር። ማርኮስ በ1986 ሲወድቅ ሲትኮሙ በአየር ላይ ነበር። እነሱ ጊዜው እስኪፈቅድላቸው አልጠበቁም።

ተመልካችም የለም አትበሉን። ተማሪው ዶርም ውስጥ በስልኩ እየቀረጸ ቲክቶክ ላይ እየለቀቀ ነው፤ የሚስቅለትም ሞልቷል። የጎደለው ታሪኩን ከሠላሳ ሰከንድ አሳልፎ ለዓመታት የሚይዝ ጸሐፊና በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ጣቢያ ነው። ጸሐፊዎች ሆይ፣ አንድ ሴሚስተር ከአዲስ አበባ ውጡ። ፕሮዲውሰሮች ሆይ፣ ሶፋውን ለአንድ ዓመት ተዉት። አሶሳ ከከበዳችሁ ጅማ ሂዱ፣ ሰመራ ሂዱ። ብቻ ስድስት አልጋና አንድ ሶኬት ይኑረው። ስድስቱም ልጆች ከየት እንደመጡ በግልጽ ይናገሩ።